ዋርፋሪን እየወሰዱ የወር አበባ ማየት

ይህን የምጽፈው ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ ለሚወስዱ ሴቶች ነው። የልብ ቫልቭ ለተቀየረላችሁ፣ እግራችሁ ወይም ሳንባችሁ ላይ ደም ረግቶ ለነበረ፣ የልብ ምታችሁ ተዛብቶ ደም ማቅጠኛ ለታዘዘላችሁ፤ ፔሬድ በመጣ ቁጥርም «ይሄ ነገር ጤና ነው?» እያላችሁ ለብቻችሁ ለምትጨነቁ። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ሜካኒካል ቫልቭ፣ ሰዉ «የብረት ቫልቭ» የሚለውን፣ ደረቴ ውስጥ ይዤ ዓመታት የቆየሁ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ። የመድኃኒት መጠን የሚወስንላችሁ ሐኪማችሁ ነው። እኔ የምነግራችሁ ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ የሚታለፈውንና ሰፈር ውስጥ ተጣሞ የሚወራውን ነው።

የእኔ መነሻ እንደ ብዙዎቻችን የልጅነት ቶንሲል ነው። ጉሮሮዬን ሲያመኝ «እንጥሏን አስቆርጧት» የሚል ዘመድ ሞልቶ ነበር፤ «ፔኒሲሊን ትወጋ» ያለ ግን አልነበረም። ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ጉሮሮ ላይ ሳይታከም ሲቀር፣ ሰውነት እሱን ሊዋጋ ያዘጋጀው መከላከያ ዞሮ የገዛ ልቡን ይመታል፤ ቫልቩ ይጠባል ወይም ያፈሳል። ሩማቲክ የልብ ሕመም የሚባለው ይህ ነው። ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት፣ ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ያለው የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማዕከል ስንቱን ልጅ ከዚህና አብሮ ከሚወለድ የልብ ችግር እንዳተረፈ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሕፃናቱ ታዲያ ያድጋሉ። ሴቶቹ የወር አበባ ያያሉ፣ ያገባሉ። ሜካኒካል ቫልቭ ያለው ሰው ደግሞ ዋርፋሪንን ዕድሜ ልኩን ይወስዳል። ያንን መድኃኒትና ያንን ወርኃዊ ደም አንድ ላይ አስቀምጦ የሚያስረዳን ሰው ነው የጠፋው።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት ፔሬዴ ሳምንት ሳይሞላው የሚሄድ፣ ብዙም የማያስቸግር ነበር። ዋርፋሪን ከጀመርኩ በኋላ ሞዴስ ደርቤ፣ ከሥሩ ጨርቅ አድርጌ፣ ሌሊት ስልኬን ደወል ሞልቼ እየተነሣሁ መቀየር ሆነ ሥራዬ። በእነዚያ ቀናት ከጥቁር ቀሚስ ሌላ አልለብስም። ከሚኒባስ ስወርድ ዞር ብዬ ወንበሩን ሳላይ አልወርድም። በሥርዓታችን ደም ላይ ያለች ሴት ቤተ መቅደስ ስለማትገባ፣ ደሙ ወደ ሁለተኛው ሳምንት ሲሻገር ከቅጥሩ ጥግ ቆሜ የማስቀድስባቸው እሑዶች በዙ። ይሄ ቀላል ነው የሚል ይኖራል፤ ለእኔ ቀላል አልነበረም።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን ጓሉ ነው። ሴቶች «ጉበት ጉበት የሚያህል ደም» የምንለው። ደሜ እንዳይረጋ መድኃኒት እየዋጥኩ እንዴት ረግቶ ይወጣል? ዋርፋሪኑ አልሠራልኝም ማለት ነው? ከእኔ በኋላ ብዙ ሴቶች ይህንኑ ሲጠይቁ ሰምቻለሁና ልዘርዝረው።

የደም ሥር ሲቆረጥ መጀመሪያ ሥሩ ራሱ ይኮማተራል። ቀጥሎ ፕላትሌት የሚባሉት ጥቃቅን የደም ሕዋሶች ቀዳዳው ላይ ይሰበሰባሉ። ከዚያ ጉበታችን የሚሠራቸው የማርጊያ ፕሮቲኖች አንዱ ሌላውን እየቀሰቀሰ በመጨረሻ ፋይብሪን የሚባል ክር ይሠራሉ፤ ፕላትሌቱን አጥብቆ የሚይዘው እሱ ነው። ከእነዚህ ፕሮቲኖች ውስጥ 2ኛው፣ 7ኛው፣ 9ኛውና 10ኛው በትክክል እንዲሠሩ ቫይታሚን ኬ ያስፈልጋቸዋል። ዋርፋሪን የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ ሰውነት ቫይታሚን ኬን መልሶ መላልሶ እንዳይጠቀም ያግደዋል። መርጋቱን ያዘገየዋል እንጂ ጨርሶ አያጠፋውም።

ማህፀን ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ግድግዳው ተላልጦ ሲወርድ የረጋ ደምን የሚያሟሙ ኢንዛይሞች አብረው ይሠራሉ። ጤነኛ የወር አበባ በአብዛኛው ፈሳሽ የሆነው ለዚህ ነው። ደሙ ኢንዛይሞቹ ከሚያሟሙት ፈጥኖና በዝቶ ሲመጣ፣ ማህፀን ውስጥ ተጠራቅሞ ይረጋና ጓል ሆኖ ይወርዳል። ስለዚህ ጓሉ የሚናገረው ስለ ደሙ ብዛት ነው። ዋርፋሪኑ መሥራት አለመሥራቱን የሚናገረው አይኤንአር የሚባለው የደም ምርመራ ብቻ ነው። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ደሙ ለመርጋት ይዘገያል። መድኃኒት የማይወስድ ጤነኛ ሰው አይኤንአሩ 1 አካባቢ ነው፤ ሚትራል ላይ (በልብ የግራ ክፍሎች መካከል ያለው በር) ሜካኒካል ቫልቭ ላለን ሰዎች ብዙውን ጊዜ ከ2.5 እስከ 3.5፣ አዮርቲክ ላይ (ደም ከልብ ወደ ሰውነት የሚወጣበት በር) ላለባቸው ደግሞ ከ2 እስከ 3 እንዲሆን ይፈለጋል። የራሳችሁን ቁጥር ጠይቃችሁ ካርዳችሁ ላይ ጻፉት።

«ብዙ» ስንት ነው? በሕክምና በአንድ ዙር ከ80 ሚሊ ሊትር በላይ ሲሆን ብዙ ይባላል፤ አንድ ሲኒ ቡና ገደማ መሆኑ ነው። የተለመደው ከ30 እስከ 40 ነው። ማንም በሲኒ አይለካውም። የሚታየው ምልክት ይበቃል፦ ሞዴስ በየሰዓቱ ወይም በየሁለት ሰዓቱ የሚሞላ ከሆነ፣ ሌሊት ለመቀየር መነሣት ካለባችሁ፣ ጓሉ ከሳንቲም ከተለቀ፣ ደሙ ከሳምንት በላይ ከቆየ፣ ደረጃ ስትወጡ ትንፋሽ ካጠራችሁ፣ ተናገሩ።

መናገሩ ላይ ነው ችግሩ። ክትትል በሄድኩ ቁጥር ጥያቄው አንድ ነበር።

«ድድሽ ይደማል?»

«አይ ዶክተር።»

«ነስር? ሽንትሽ ይቀላል? ሰገራሽ ይጠቁራል?»

«አይ።»

«በጣም ጥሩ፣ በዚሁ ቀጥዪ።»

ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ብዛት ሲታይ ሐኪሙ አይፈረድበትም። በሩ ክፍት ነው፣ ተማሪዎች ቆመዋል፣ አጠገቤ የማላውቃቸው አባት ተቀምጠዋል። «ፔሬዴ አስቸገረኝ» ለማለት አፌን የሚከፍትልኝ ነገር አልነበረም። አንድ ቀን ደም ግፊት የምትለካ ሲስተር የታችኛውን የዓይኔን ሽፋን በአውራ ጣቷ ዝቅ አድርጋ አየችና ፊቷን ቀየረች። «የኔ እህት፣ የወር አበባሽ እንዴት ነው?» አለችኝ ቀስ ብላ። ሄሞግሎቢኔ 7 ምናምን ሆኖ ተገኘ። ለሴት ከ12 በታች ሲሆን ደም ማነስ ይባላል። ድካሙን ሁሉ ለልቤ ሰጥቼው ነበር፤ ሐኪሙም እንደዚያው።

ከዚያ ወዲህ የማደርገው ቀላል ነው። አይኤንአር በሚመዘገብበት ደብተሬ ጠርዝ ላይ፣ ፔሬድ ባየሁባቸው ቀናት የቀየርኩትን ሞዴስ በሠረዝ አሰፍራለሁ፤ ጓል ካለ ከጎኑ ነጥብ። ሐኪሙ ፊት ደብተሩን ብቻ ዘርግቼ አስቀምጣለሁ። ለመናገር የሚያፍር ሰው ወረቀት ማሳየት አያቅተውም። ሐኪሙም «ብዙ ይፈሰኛል» ከሚል ቃል ይልቅ የተሰመረውን ሠረዝ ቆጥሮ ይረዳኛል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሰፈር ውስጥ የሚሰጠው ምክር «ደሙ እስኪቆም መድኃኒቱን ተዪው» ነው። እናቴ ብላኛለች፣ ጎረቤታችን እትዬም «የአይጥ መርዝ እኮ ነው የምትውጪው» ብለውኛል። እትዬ አልዋሹም። ዋርፋሪን በ1940ዎቹ መጨረሻ በፈረንጅ አቆጣጠር አሜሪካ ውስጥ ለአይጥ ማጥፊያነት ነው የወጣው፤ ለሰው የተፈቀደው በ1954 ነው። መነሻውም ሻጋታ የያዘው ድርቆሽ በልተው ደማቸው አልቆም ያሉ ከብቶች ናቸው። በትክክለኛ መጠን ሲሰጥ ግን እኔን በሕይወት ያቆየኝ እሱ ነው።

መድኃኒቱን ለፔሬድ ብሎ ማቋረጥ የማይረባው በሁለት በኩል ነው። ዋርፋሪን ዛሬ ብታቆሙት ዛሬ አይለቃችሁም። ጉበት አዳዲስ የማርጊያ ፕሮቲኖችን ሠርቶ አይኤንአሩ ወደ ጤነኛ ሰው እስኪወርድ አምስት ቀን ገደማ ይፈጃል፤ ለቀዶ ሕክምና አምስት ቀን ቀደም ብሎ የሚቋረጠው ለዚህ ነው። በዚያን ጊዜ ፔሬዱ በራሱ ጊዜ ሊያልቅ ነው። እንደገና ስትጀምሩት ደግሞ ሙሉ ኃይሉ ላይ ለመድረስ ያንኑ ያህል ቀን ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ደሙ ሳይቀንስላችሁ፣ ደሙ ካለፈ በኋላ ቫልቩ ብቻውን ያለ ጠባቂ ይቆያል ማለት ነው። ላብራቶሪ ወረፋ ላይ ያገኘኋት አንዲት እህት በየወሩ እንዲህ ታደርግ ነበር። ቫልቩ ላይ ደም ረጋባት፤ የረጋው ተቆርሶ ወደ አንጎል ሄዶ ቀኝ እጇን ያዛት። አሁን ትሻላለች፣ ግን ሻይ የምትጨብጠው በግራ ነው።

ሌሊት ጸጥ ሲል የቫልቬ «ቲክ ቲክ» ይሰማኛል። መጀመሪያ እንቅልፍ ይነሣኝ ነበር፤ አሁን ሳልሰማው መተኛት አልችልም። ያ ድምፅ ከደበዘዘ ወይም ከጠፋ፣ ድንገት ትንፋሽ ካጠረ፣ አፍ ከተጣመመ ወይም እጅ እግር ከዛለ፣ ቀጠሮ አይጠበቅም። በደም መፍሰስ በኩል ደግሞ ሞዴስ በየሰዓቱ እየሞላ ከቀጠለ፣ ራስ ከዞረ፣ ከባድ ራስ ምታት ከመጣ ወይም ጭንቅላት ከተመታ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ነው። ለተረኛው ሐኪም የመጀመሪያ ቃላችሁ «ዋርፋሪን እወስዳለሁ» ይሁን።

ፔሬዱ በአንዱ ወር ብሶ በሌላው የሚቀልበት ምክንያት ሁልጊዜ ማህፀን አይደለም። የእኔ በሁዳዴና በፋሲካ ይለያይ ነበር። ደብተሩ ነው ያሳየኝ። በ55 ቀኑ ጾም ጎመኑ፣ ቆስጣው፣ ሰላጣው ይበዛል፤ እነዚህ ቫይታሚን ኬ የሞላባቸው ናቸው፣ አይኤንአር ይወርዳል፣ ሐኪሙ መጠኑን ከፍ ያደርጋል። ፋሲካ ሲገባ ጎመኑ ድንገት ይጠፋና በቦታው ዶሮ፣ ሥጋ፣ ጠላ ይገባል፤ ከፍ የተደረገው መጠን ግን እንዳለ ነው። አይኤንአሩ ይወጣል። ፔሬድ በዚያ ሳምንት ከመጣ ወየው ነው። «ጎመን በጭራሽ አትብዪ» የሚሏችሁን አትስሙ። ጎመን ብሉ፤ በየሳምንቱ ተቀራራቢ መጠን ብሉ። ስትጾሙም ለሐኪሙ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ በጾም መግቢያና በፋሲካ ማግሥት አይኤንአር ቢሠራላችሁ ጥሩ ነው። መጠጥ በአንድ ጊዜ ማብዛትም ቁጥሩን ያዛባል።

ከጎመን ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ መድኃኒት ቤት ነው። ለፔሬድ ቁርጠት ሁሉም የሚገዛው አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ለእኛ አይሆንም፤ ፕላትሌትን ያዳክማል፣ ጨጓራንም ያደማል። የዳይክሎፌናክ መርፌ ደግሞ የተወጋንበት ቦታ ሥጋ ውስጥ ደም ሊያቋጥር ይችላል። ፓራሲታሞል ይሻላል፣ እሱም በትልቅ መጠን ለቀናት ሲደጋገም አይኤንአርን ከፍ ያደርጋል። ለአሜባም ለማህፀን ፈሳሽም በቀላሉ የሚሸጠው ሜትሮኒዳዞል፣ ለፈንገስ የሚሰጠው ፍሉኮናዞል፣ ባክትሪም የሚባለው ፀረ ባክቴሪያ፣ ሦስቱም የዋርፋሪንን ኃይል በጣም ይጨምራሉ። በብልት የሚደረገው ሚኮናዞል እንኳን ደም ውስጥ ገብቶ ይጨምራል፤ ይህን አብዛኛው ሴት «ከውጭ የሚደረግ ነው» ብላ አትቆጥረውም። ሐኪም የግድ ካዘዛቸው ይወሰዳሉ፣ ግን በዚያው ሳምንት አይኤንአር ይሠራል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን በተቃራኒው የዋርፋሪንን ሥራ ያጠፋዋል።

ሲስተሯ ወደ ማህፀን ሐኪም አስላከችኝ። ሐኪሟ መጀመሪያ ያደረገችው ዋርፋሪኑን መክሰስ አልነበረም፤ አልትራሳውንድ አነሣችኝ። ደም ማቅጠኛ ብዙ ጊዜ የተደበቀን ነገር ነው የሚያወጣው፦ ማዮማ፣ ፖሊፕ፣ የእንቅርት ሆርሞን ችግር። የእኔ ማህፀን ንጹሕ ነበር። ከዚያ ምርጫዎቹን አስቀመጠችልኝ።

ኤስትሮጅን ያለበት ተራው የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን ደም የማርጋት ጠባይ ስላለው ሜካኒካል ቫልቭ ላላት ሴት አይመከርም። «ፔሬድ ያስተካክላል» ተብሎ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው እሱ ነውና ተጠንቀቁ። ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባል ክኒን አለ፤ የረጋውን የሚያሟሙትን ኢንዛይሞች ይገታል፣ ደሙን ይቀንሳል። ለእኛ ዓይነት ሰው ግን ከልብ ሐኪሙ ጋር ተመካክረው ካልሆነ አይሰጥም። የሦስት ወር መርፌና የክንድ ኢምፕላንት ፕሮጄስትሮን ዓይነት ብቻ ስላላቸው ይታሰባሉ፤ ኢምፕላንቱ አንዳንዷን ወር ሙሉ ያንጠባጥባታል።

እኔ የመረጥኩት ሉፕ፣ ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠውን የወሊድ መቆጣጠሪያ ነው። ሉፕ ሁለት ዓይነት መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው። መዳብ ያለበት ደም ያበዛል፤ ለእኔ መርዝ ነበር። ሌላኛው ሌቮኖርጀስትሬል የሚባል ሆርሞን በጥቂት በጥቂቱ ማህፀን ውስጥ ይለቃል፣ የማህፀኑ ግድግዳ እንዲሳሳ ያደርጋል፤ የሚላላጥ ነገር ሲያንስ የሚፈስም ያንሳል። ይህኛው በየጤና ጣቢያው አይገኝም፣ ጥቂት መጠየቅ ነበረብኝ። የባለቤቴ እናት «ማህፀን ያደርቃል፣ ያልወለደች አታስገባም» ብለው ነበር። ሐኪሟ ሁለቱም እውነት እንዳልሆነ ነገረችኝ፤ ሲወጣ ማርገዝ ይቻላል። ልቤን ከሚያየው ሐኪም ጋር ተነጋግረው፣ አይኤንአሬ ከገደቡ አለማለፉ ታይቶ ገባልኝ። የመጀመሪያዎቹ ወራት የሚያንጠባጥብ ነገር ነበረው፣ ትዕግሥት አስጨርሶኛል። ቀስ እያለ ግን ሞዴሱ ወደ አንድ ስስ ወረቀት ወረደ፤ አሁን አንዳንድ ወር ጭራሽ አላይም።

አንድ ነገር ሉፑ አይከላከልም። እንቁላል በየወሩ ከረጢቱን ቀድዶ ሲወጣ የተቀደደው ቦታ ትንሽ ይደማል፤ ዋርፋሪን ላይ ያለች ሴት ላይ አንዳንዴ ወደ ሆድ ውስጥ ብዙ ሊፈስ ይችላል። ሉፑ እንቁላል መውጣቱን ብዙ ጊዜ አያቆምም። ከፔሬድ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ድንገት በአንድ ጎን የሆድ ውጋት መጥቶ ራስ ካዞረ፣ ጋዝ ነው ብላችሁ አትተኙ። ይህ የሚደጋገምባት ሴት እንቁላል መውጣቱን የሚያቆም ሌላ መድኃኒት ሊመረጥላት ይችላል።

ለደም ማነሱ የብረት ክኒን ነው የተሰጠኝ። ከብርቱካን ጋር ሲወሰድ በደንብ ይገባል፣ ከቡናና ከሻይ ጋር ግን ከንቱ ነው፤ ስለዚህ ቡናው ከተፈላ ክኒኑ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቅደም። «ጤፍ ብረት አለው» ብላችሁ ክኒኑን አትተዉ፣ እኔም ጤፍ እየበላሁ ነው 7 የወረድኩት። ብረት ሰገራን ያጠቁራል። ሰገራው እንደ ቅጥራን የሚያጣብቅና ክፉ ሽታ ያለው ከሆነ ግን ያ ብረት ሳይሆን የጨጓራ ወይም የአንጀት ደም ሊሆን ይችላልና ይታይ።

ይህ ሁሉ ስለሚፈሰው ደም ነው። ስለማይመጣው ደግሞ ላንሣ። ዋርፋሪን ላይ ላለች ሴት የፔሬድ መዘግየት ከመብዛቱ የባሰ አስቸኳይ ነው፤ መድኃኒቱ ከ6ኛው እስከ 12ኛው የእርግዝና ሳምንት ባለው ጊዜ የፅንሱን አጥንትና የአፍንጫ አሠራር ሊጎዳ ይችላል። ፔሬድ ጥቂት ቀን ካለፈ የሽንት ምርመራውን ገዝታችሁ ሥሩ። ፖዘቲቭ ከሆነ በራሳችሁ አታቁሙ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ድረሱ። በዚያ ጊዜ ሄፓሪን ወደሚባል ሌላ የደም ማቅጠኛ መርፌ የሚዛወሩ አሉ፤ ሄፓሪን ወደ ፅንሱ አያልፍም፣ ለቫልቩ ግን ከዋርፋሪን ያነሰ መከላከያ ነው። በቀን 5 ሚሊ ግራም ወይም ከዚያ በታች ዋርፋሪን የሚበቃት ሴት ለፅንሱ ያለው ስጋት ያነሰ ስለሆነ፣ ተመካክረው የሚያስቀጥሉላትም አለ።

እኔና ባለቤቴ ልጅ እንፈልጋለን። የምወስደው መጠን ከ5 ሚሊ ግራም ያነሰ ነው፣ ሄሞግሎቢኔም 12 አልፏል። ሉፑ ከመውጣቱ በፊት የልብ ሐኪሙና የማህፀን ሐኪሟ አብረው ሊያዩኝ ተስማምተዋል፤ ቀጠሮው ከጥምቀት በኋላ ነው። ባለቤቴም ይመጣል፤ የሄፓሪኑን ዋጋና መርፌውን ቤት ውስጥ ማን እንደሚወጋኝ የሚጠይቀው እሱ ነው።